ሆድ ወይስ ሳንባ?

በውኃው ሰልፍ ላይ የሚነገር አንድ አባባል አለ። «በአፍንጫው ቱቦ የገባለት ልጅ አይመለስም» ይላል። ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም። ጀሪካን ከጀሪካን ኋላ ተሰልፎ በሚዋልበት ቦታ ወሬ ባለቤት የለውም፤ ሁሉም ጥቂት ይሸከመውና ለሚቀጥለው ያቀብለዋል። ወሬ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር። ነገር ግን ባለፈው በጋ አንዲት የካምፓችን እናት ይህንኑ አባባል አምና፣ የአሥራ አራት ወር ልጇን ከነሕመሙ አዝላ ከሐኪም ቤት ወጣች። ቱቦውን በገዛ እጇ መዝዛ አልጋው ላይ ትታው ነበር። ልጁ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ከቀብር ስንመለስ ከለቀስተኛው አንዱ፣ «እንኳንም በእናቱ ጀርባ ላይ ሆነ፤ ቱቦ ከሚገድለው» ሲል ሰማሁ። የሰሙትም ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዕሬን ያነሣሁት ያን ዕለት ማታ ነው።

ያችን እናት ልወቅስ አልጻፍሁም። ሊወቅሳት የሚፈልግ ሰው ካለ አስቀድሞ አንድ ነገር ያስብ። ስለ ቱቦው ጥቅም የነገሯት በማታውቀው ቋንቋ ነው። ስለ ቱቦው አስፈሪነት የሰማችው ግን በእናቷ ቋንቋ ነው። ከሁለቱ የትኛውን ትመን? እኛስ በእሷ ቦታ ብንሆን የትኛውን እናምን ነበር?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በሳይንስ መምህርነት ተመርቄ፣ ጥቂት ዓመታት ጠመኔ ይዤ፣ ኋላም እንደ ሌሎቻችሁ ሁሉ የያዝሁትን ጥዬ ይህን ድንበር የተሻገርሁ ሰው ነኝ። ወደ ሕፃናቱ ማስተኛ ክፍል ያደረሰኝ ምላሴ ነው። ሞያሌን ታውቋታላችሁ፤ አንዲት ከተማ ሆና ለሁለት መንግሥት የተከፈለች ናት። ከአዲስ አበባ የሚወርደው አስፋልትና ከናይሮቢ የሚወጣው አስፋልት እዚህ ይገናኛሉ። በገበያዋ ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂው፣ ከመሀል አገር የመጣውም ሁሉ በየቋንቋው ተከራክሮ ይግባባል። በሐኪም ቤት ግን ክርክር የለም። ነርሷ በስዋሂሊ ወይም በእንግሊዝኛ ትናገራለች፤ እናቲቱ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ትጨነቃለች፤ በመካከላቸው የተኛው ልጅ ደግሞ ገና ቋንቋ የለውም። እኔ ልጅነቴን በቦረና ምድር ስላሳለፍሁ ኦሮምኛውን እችላለሁ፤ ስዋሂሊውን በስደት ተምሬዋለሁ። ስለዚህ «መምህር፣ እባክዎ ይድረሱልኝ» የተባልሁ ጊዜ ሁሉ ሄጃለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ በማርሳቢትም ሆነ በማዶው በቦረና ከብቱ አለቀ፤ ወተቱም ከከብቱ ጋር አለቀ። ወተት ለአርብቶ አደር ልጅ ምን እንደ ሆነ እዚህ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም። የድርቁ ዘመን ቢያልፍም ከብት በአንድ ክረምት አይተካም። እኔም በዚያ ክፍል ብዙ አልጋዎች አጠገብ ቆሜአለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ቱቦው የሚገባው ለማን ነው? ድሮ በራብ ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ሁሉ አልጋ ይዞ ይታከም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት ፈረንሳውያን፣ ሐኪሙ አንድሬ ብሪያንና ምግብ አዘጋጁ ሚሼል ሌስካን፣ ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የተሠራውን ፕላምፒ ነት የተባለውን ምግብ አወጡ። ውኃ አይፈልግም፣ እሳት አይፈልግም፤ ልጁ ከፓኬቱ እየላሰ ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመተ ምሕረት በአገራችን፣ በሐዲያ፣ የተጎዱ ሕፃናት በየቤታቸው ሆነው በዚህ ምግብ እንዲታከሙ ተደረገ፤ ውጤቱም ለሌላው ዓለም ምሳሌ ከሆኑት አንዱ ሆነ። ዛሬ የምግብ ፍላጎት ያለው ልጅ ፓኬቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አልጋ የሚይዘው ፍላጎቱ የጠፋበት ወይም ሌላ ሕመም የተደረበበት ነው። ከእነዚያም ውስጥ ቱቦ የሚገባለት በኩባያ የቀረበለትን ወተት ደጋግሞ መጨረስ ያቃተው፣ ከአምስት እጅ አራቱን እንኳ መዋጥ ያልቻለው ነው።

እንግዲህ ቱቦ ያለው ልጅ ከደካሞች ሁሉ ደካማው ነው ማለት ነው። ከእነዚህ ልጆች መካከል የሚሞቱት ቢበዙ፣ ቱቦው ገደላቸው እንላለን? በትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ተጨማሪ ትምህርት የሚሰጠው ደከም ላለው ተማሪ ነው። እነዚያ ተማሪዎች በፈተና ከሌላው ይልቅ ቢወድቁ፣ የጣላቸው ተጨማሪው ትምህርት ነው የሚል ወላጅ አለ? የውኃው ሰልፍ የሳተው እዚህ ላይ ነው።

በቱቦው የሚፈስሰው ወተት ኤፍ 75 ይባላል። ስሙን ያገኘው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ኪሎ ካሎሪ ስላለው ነው። 6 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በየ3 ሰዓቱ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰጠዋል፤ አንዲት የሻይ ብርጭቆ የምታህል ናት። እናቶች ይህችን ሲያዩ ያዝናሉ። «የተራበ ልጅ ይህችን ቀምሶ ምን ይሆናል?» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ለረዥም ጊዜ የተራበ ልብና ኩላሊት ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ቢወርድበት አይችለውም። ስለዚህ ትንሽ በትንሽ፣ ቀንና ሌሊት 8 ጊዜ ይሰጣል። ይህችን 8 ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ትን ብሎት የማያውቅ ሰው የለም። ጉሮሮ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ወደ ሆድ፣ አንዱ ወደ ሳንባ ይወርዳል። አንዲት ጠብታ መንገድ ብትስት ሰውነት ሁሉ ይነሣባታል፤ ሳሉ ይመጣል፣ ዓይን ያነባል፣ ፊት ይቀላል፣ ጠብታዋ እስክትወጣ ድረስ ዕረፍት የለም። ትንታ የሳንባ ዘበኛ ነው። ቱቦ በአፍንጫ ሲገባም እዚያው መንታ መንገድ ላይ ይደርሳል። ጤነኛ ልጅ ቱቦው ወደ ሳንባው ሊገባ ቢል ያስለዋል፣ ይታገላል፣ ያስታውቃል። ራብ ያደከመው ልጅ ግን ዘበኛው ተኝቷል። ማልቀስ ያቃተው ልጅ ማሳልም ያቅተዋል። ቱቦው ወደ ሳንባው ወርዶ ልጁ ጸጥ ብሎ ሊተኛ ይችላል፤ ጸጥታውም ደኅንነት ይመስላል። በዚያ ላይ ወተቱ ቢፈስስ ለሆድ የታሰበው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መናገር አያሻም።

ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ትልቁ ሥራ ቱቦውን ማስገባቱ አይደለም። የት እንደ ገባ ማወቁ ነው። ይህን ያስተማረችኝ አንዲት የቦረና ሴት ናት።

ስሙን በማልጠቅሰው ሐኪም ቤት አንድ ሌሊት ለማስተርጎም ተጠርቼ ነበር። ገና በልምምድ ላይ ያለ አንድ ወጣት ለልጇ ቱቦ አስገባለት። ቀጥሎ በሲሪንጅ ጥቂት አየር በቱቦው ነፋና ማዳመጫውን በልጁ ሆድ ላይ አድርጎ አዳመጠ። «ገብቷል» አለ በስዋሂሊ። እኔም በኦሮምኛ «ገብቷል» አልኋት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ባርሲሳ፣» አለችኝ፣ በቋንቋቸው መምህር ማለት ነው፣ «መግባቱንስ እኔም አይቻለሁ። የት ነው የገባው? ገራ ሞ ሶምባ?»

ሆድ ወይስ ሳንባ ማለቷ ነው። ከየት አመጣችው ብዬ ተደነቅሁ። ጠየቅኋት። ከብት ያረባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር መሆኑን ነገረችኝ። ለታመመ ጥጃ መድኃኒት በጠርሙስ ሲጋቱት አንገቱ ያለ ልክ ከተጠመዘዘ ወይም ያጠጣው ሰው ከቸኮለ፣ መድኃኒቱ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ጥጃው በበሽታው ሳይሆን በመድኃኒቱ ይሞታል። «አባቴ ሳያይ አያፈስስም ነበር» አለች። ይህች ሴት ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን በዚያ ሌሊት ከሁላችን የሚበልጠውን ጥያቄ ያነሣችው እሷ ናት።

ጥያቄዋን ለወጣቱ ተረጎምሁለት። ዝም አለ፤ ከዚያም ለሌሊቱ ተረኛ ሲስተር ነገራት። እሷም መጥታ ሲሪንጁን ከቱቦው ጫፍ ላይ ገጥማ ወደ ኋላ ሳበች። ምንም አልመጣም። ልጁን በግራ ጎኑ አስተኛችው፤ ጥቂት ጠብቃ ደግማ ሳበች። ጥቂት ፈሳሽ መጣ። ጠብታውን በቀጭን ወረቀት ላይ አድርጋ በሣጥኑ ላይ ካለው የቀለም ሠንጠረዥ ጋር አስተያየችው። ወረቀቱ 7 አለ። ቃል ሳትናገር ቱቦውን አወጣችው። ልጁ ዐርፎ እንደገና በሌላው የአፍንጫው ቀዳዳ አስገባች፤ እንደገና ሳበች፤ ወረቀቱ በዚህ ጊዜ 4 አለ። ያን ጊዜ ወተቱን አንሡ አለች። የመጀመሪያው ቱቦ የት እንደ ነበር በርግጥ ያወቀ የለም። ማወቅም አላስፈለገም፤ ጥርጣሬው ብቻውን ለማውጣት ይበቃ ነበር። ልጁ ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ወደ ካምፕ ተመለሰ።

ወጣቱን ስለዚህ የሚነቅፍ ሰው እንዳይኖር እፈልጋለሁ። አየር ነፍቶ ማዳመጥ በብዙ አገር ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው የሕፃናት ሕክምና መጽሐፍም አስቀድሞ ፈሳሽ ስቦ በሊትመስ ወረቀት ማየትን ያዛል፤ ፈሳሽ ካልመጣ ግን አየር ነፍቶ ማዳመጥን ይፈቅዳል። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ጥርጣሬ ካለ ቱቦው ወጥቶ እንደገና ይግባ ይላል። ችግሩ ድምፁ ነው። የሕፃን ደረት ከሆዱ አንድ ስንዝር አይርቅም። አየሩ ሳንባ ውስጥ ቢነፋም ድምፁ ሆድ ላይ ይሰማል።

በአማርኛችን «ገባ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ዕቃ ይገባል፤ ነገርም ይገባል። በማሠልጠኛው ኮሌጅ አንድ መምህር ነበሩን፤ ልምምድ ልንወጣ ስንል ሁልጊዜ የሚነግሩን ምክር ነበራቸው። «ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ ይሉን ነበር። ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «ገባን!» ይላል። የገባው ይላል፣ ያልገባው ይላል፣ እንቅልፍ የወሰደውም ነቅቶ ይላል። የምትሰሙት የልጆቹን ዕውቀት አይደለም፤ የራሳችሁ ጥያቄ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ልጁን ወደ ሰሌዳው አውጡት፣ ጠመኔውን ስጡት፣ ከእሱ ውስጥ የሚወጣውን እዩ።

በዚያ ሌሊት ያየሁት ይህንኑ ነው። በቱቦው የተነፋው አየር የእኛው ነው፤ ድምፁም የእኛው ጥያቄ ማሚቶ ነው። ምስክር የሚሆነው ከልጁ ውስጥ ተስቦ የሚመጣው ነው።

ምስክሩ እንዴት እንደሚናገር በጥቂቱ ላስረዳ፤ የሳይንስ መምህር ነኝና ይህን ብዘል ያሳፍረኛል። ሆዳችን ውስጥ አሲድ አለ። ሳንባ ውስጥ የለም። የአሲድ ልክ ፒ ኤች በተባለ ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ከሆድ የመጣ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ከ5.5 አይበልጥም፤ ከሳንባ የመጣ ግን ወደ 7 ይጠጋል ወይም ያልፋል። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የነበረችውን አንዲት ጥቅል ሊትመስ ወረቀት በመቀስ እያቀጠንሁ ለተማሪዎቼ አካፍል ነበር። ሰማያዊው ወረቀት በሎሚ ጭማቂ ሲቀላ ልጆቹ ያጨበጭቡ ነበር። ነገር ግን ሊትመስ አሲድ ስለ መኖሩ እንጂ ስለ ልኩ አይናገርም። ለሎሚ ይበቃል፤ ለሕፃን ሳንባ ግን ቁጥር የሚናገረው ወረቀት ይሻላል። እንግሊዝ አገር የሕሙማንን ደኅንነት የሚከታተለው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 አየር ነፍቶ ማዳመጥም ሆነ ሰማያዊ ሊትመስ ማረጋገጫ እንዳይሆኑ አዘዘ።

ይህ ወረቀትም ቢሆን ነቢይ አይደለም። ልጁ ወተት ከጠጣ ብዙ ካልቆየ ወይም አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ከወሰደ፣ ቱቦው ሆድ ውስጥ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ የሚታየው ወተት ከመስጠት በፊት ነው። ፈሳሽ አልመጣ ቢል ልጁን በግራ ጎኑ አስተኝቶ ጥቂት ጠብቆ መሞከር ነው። በዚህም ካልሆነ ራጅ አለ። ራጅ ቱቦውን ከነመንገዱ ያሳያል። ነገር ግን በቀን 8 ጊዜ ራጅ የሚነሣ ሕፃን የለም፤ ራጁም ቢሆን አንባቢ ይፈልጋል። በዚያው በእንግሊዝ አገር ከ2005 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ወተት ወደ ሳንባቸው ስለ ገባ 21 ሕሙማን መሞታቸውና 79 ሌሎች መጎዳታቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ተነግሯል። ወደ ግማሽ የሚጠጋው የደረሰው ራጁ ተነሥቶ ምስሉን የተመለከተው ሰው ስለ ተሳሳተ ነው። መሣሪያ በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ማየት የሚባለው ነገር በመሣሪያ ብዛት ብቻ እንደማይገኝ እንረዳለን።

አሁን ያችን 8 ቁጥር እናምጣት። በአንድ ክፍል 10 ልጆች ቱቦ ቢኖራቸው፣ በአንድ ቀንና ሌሊት 80 ጊዜ ማረጋገጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። ማታ የገባው ቱቦ ልጁ ሲያስታውክ፣ ሲያስል ወይም በእጁ ሲጎትተው ከቦታው ሊንሸራተት ይችላልና። የሌሊት ተረኛዋ ሲስተር ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ናት። መድኃኒቱንም የምትሰጥ፣ የሚያተኩሰውንም የምታይ፣ አዲስ የመጣውንም የምትቀበል እሷው ናት። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። እንግዲህ ሰማንያውን ጊዜ ከሲስተሯ ጋር ሊያይ የሚችል ሌላ ዓይን የማን ነው? ከአልጋው አጠገብ የማትለይ አንዲት ሰው አለች። እሷም እናቲቱ ናት።

ስደተኛ ሆኖ መጠየቅ ግን ይከብዳል። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከመካከላችን በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በማዶው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደር ጥይት የወደቁ ጊዜ የተሻገረ አለ፤ ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድና በሌላ ምክንያት የመጣም አለ። ሁላችንም አንድ ነገር ተምረናል፤ በመስኮት በኩል ሲጠሩህ ካርድህን አሳይ፣ የተሰጠህን ተቀበል፣ ብዙ አትናገር። «ዝም አይነቅዝም» እያልን እንመካከራለን። በራሽን ሰልፍ ላይ ምናልባት ይሠራ ይሆናል። በሕፃናቱ ክፍል ግን ዝምታ ይነቅዛል። በዚያ ክፍል የሚሠራው ሌላው ተረት ነው፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚለው።

«ብጠይቃት ትቆጣኛለች፣ ልጄንም ችላ ትለዋለች» ያለችኝ እናት አለች። ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው አልልም። ቢሆንም ያየሁትን እመሰክራለሁ። ያች የሌሊት ሲስተር ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ለየእናቶቹ ማሳየት ጀምራለች። ቁጥሩን ማንበብ የማይችሉት ቀለሙን ያያሉ። አንዳንዶቹ ከሣጥኑ ላይ ቀለሙን ለይተው «ይህ ነው» ብለው በጣታቸው እስከ ማሳየት ደርሰዋል። ጥያቄው በትሕትና ከቀረበ፣ እጅ ነሥቶ እንደ መቀበል ያህል ያስከብራል። ሐኪምን መጠየቅ ሐኪምን መጠርጠር አይደለም፤ አብሮ ማየት ነው።

እንግዲህ ልጁ ቱቦ የሚገባለት ሰው ቢኖር፣ ወይም የጎረቤት ልጅ ለማስታመም የሚሄድ ቢኖር፣ እነዚህን ይመልከት። ቱቦው ከመግባቱ በፊት ከአፍንጫ እስከ ጆሮ፣ ከጆሮ እስከ ደረት አጥንት ጫፍ ይለካል፤ ብዙዎች ዛሬ ከዚያም ትንሽ ወርደው፣ በደረት አጥንቱ ጫፍና በእምብርቱ መካከል ድረስ ይለካሉ። በተለካው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ምልክቱም አፍንጫው ቀዳዳ ዘንድ ሆኖ በፕላስተር ይያዛል። ያ ምልክት ከነበረበት ርቆ ካያችሁት ወተት ሳይሰጥ ተጣሩ። በየጊዜው አስቀድሞ በኩባያ ይሞከርለታል፤ የተረፈው ብቻ በቱቦ ይሰጣል። ልጁ ራሱ ቀና ብሎ ይያዝ። ወተቱ ከሲሪንጁ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይውረድ እንጂ በግፊት አይገፋ። ልጁ ቢያስል፣ ትንፋሹ ቢቆራረጥ፣ ከንፈሩ ቢጠቁር ወተቱ ወዲያው ይቁም። ካስታወከ በኋላ ቱቦው እንደገና ይረጋገጥ። ወተቱን በኩባያ መጨረስ ሲጀምር ቱቦው ይወጣል፤ የሚወጣበት ቀን አለው። ብዙ እናቶች ቱቦው ዕድሜ ልክ የሚቀር ይመስላቸዋልና ይህን ንገሯቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ወተቱ ሊፈስስ ሲል የምትጠየቀውን አትርሷት። ሦስት ቃል ብቻ ናት። በአማርኛ «ሆድ ወይስ ሳንባ?» በኦሮምኛ «ገራ ሞ ሶምባ?» በስዋሂሊ «ቱምቦ አማ ማፓፉ?» በየትኛውም ቋንቋ ብትሉ መልሱ «ገብቷል» ከሆነ መልስ አይደለም። መልሱ ከልጁ ሆድ ተስቦ የመጣ ፈሳሽና ቀለሙን የለወጠ ወረቀት ነው።

ይህችን ቅጠል አንብባችሁ ስትጨርሱ እንደ ልማዳችን ለቀጣዩ መደዳ አሳልፉ። ማንበብ የማይችሉትን እናቶች ግን አትዝለሏቸው፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ የስዋሂሊዋንም ጥያቄ አስጠኗቸው። ለማስተርጎም ጊዜ ያለው ወጣት ቢኖር በመምህራኑ ድንኳን ይጠይቀኝ፤ ሌሊት ሌሊት አንድ ሰው አይበቃም።